የሰብአ ሰገል ትርጓሜ

መሪጌታ እንየው በሕይወታቸው ከሠሩት ስሕተት ሁሉ የከፋውን የሠሩት ደስ ባላቸው ሳምንት ነው። ሰው ሲፈራ ይጠነቀቃል፣ ሲደሰት ግን እጁ ይፈታል። እሳቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠነቀቁ ኖረው፣ አንድ ሳምንት ደስ ቢላቸው ወዳጃቸውን በገዛ ብዕራቸው አሳልፈው ሰጡ።

በ1970 ዓ.ም. ገና ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ መሪጌታ ለጎልማሶች ፊደል በሚያስቆጥሩበት የቀበሌ አዳራሽ ጓድ ሞላ የሚባል ካድሬ መጣ። ከክፍለ ሀገሩ ተመድቦ የሐሙሱን የውይይት ክበብ የሚመራ፣ ሳቂታ ወጣት ነው፤ ሳቁን ግን የሚወድለት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የካድሬ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነበር፤ መልስ የሚፈለግበትና ሰው የሚፈለግበት። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ካለፈ በኋላ ነው። መሪጌታም «ጓድ መሪጌታ» ተብለው ሲጠሩ የያዙት ጠመኔ ተሰበረባቸው።

ሞላ ግን የጠየቃቸው ስለ ቃል ነበር። ፈረንጆች አስማትን የሚጠሩበት ስም ከጥንት ካህናት ስም የወጣ መሆኑን አንድ የተተረጎመ ጽሑፍ ላይ አንብቧል። እነዚያ ካህናት ደግሞ ለጌታ ልደት እጅ መንሻ ይዘው የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው መባሉን ሰምቷል። እና የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ካህንና አስማተኛ ከአንድ ሥር እንደበቀሉ በገዛ አፉ ሲመሰክር ሰፊው ሕዝብ እንዲሰማ ፈልጓል። የቃሉ ትርጉምና መነሻ በሁለት ገጽ ተጽፎ በገና ዋዜማ ሰሞን፣ ሐሙስ፣ እንዲቀርብለት አዘዘና ወጣ።

መሪጌታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እግራቸው መሬት የነካ አልመሰላቸውም። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ትርጓሜ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ ተበትነዋል፣ የደብሩ መሬት ተወርሷል፣ ሠላሳ ዓመት የለፉበት ዕውቀት ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። አሁን፣ ምንም ካድሬ ቢሆን፣ ጠያቂ ተገኘ። ባለቤታቸው ወርቅነሽ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አጭር እንዲያደርጉት፣ የተጠየቁትን ብቻ ጽፈው እንዲያቆሙ ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ አሏት። ሊቅን አጭር አድርግ ማለት ግን ቀላል ልመና አይደለም።

ጻፉ። ሰብአ ማለት ሰዎች ማለት ነው፣ ሰገል ደግሞ ጥንቆላ፣ ኮከብ አይቶ የሚመጣውን መናገር ነው አሉ። አንድም ሰብአ ሰገል ነገሥታት ናቸው፤ ያመጡት የንጉሥ እጅ መንሻ ነውና። አንድም ፈላስፎች ናቸው። ከዚያ ወደ መነሻው ገቡ። ዐረቡ መጁስ ይላቸዋል፣ አገራቸው ፋርስ ነው፤ ክህነት ከአባት ለልጅ የሚወርድበት ነገድ ነበሩ። እሳት እንዳይጠፋ ይጠብቃሉ፣ መሥዋዕት ያቀርባሉ፣ ለንጉሥ ሕልም ይፈታሉ፣ ሰማይ ያነብባሉ። የጽርዕ ሰዎች፣ ግሪኮቹ፣ ከፋርስ ጋር ጠላቶች ነበሩና፣ ያልገባቸውን ጸሎት ድግምት አሉት፤ ቆይተውም ደጋሚውን ሁሉ በእነዚያ ካህናት ስም ጠሩት። የካህን ስም የአስማተኛ ስም ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው፤ ስሙን ያከፋው የጠሪው ፍርሃት ነው እንጂ የተጠሪው ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዕራቸውን ቢያስቀምጡ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ነገር ግን በትርጓሜ ቤት ሕግ አለ። የሰማኸውን ስትናገር ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ፤ ያለ መምህር የተናገረ ከሌባ ይቆጠራል። መሪጌታ ይህን ሕግ የተማሩት በኩርኩም ነው። ስለዚህ ለፊተኛው ትርጓሜ ያስተማሯቸውን የየኔታን ስም ጠሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ካድሬ አይደርስባቸውም። ለመነሻው ግን እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይህን የነገሩኝ የደጋኑ ሸህ ሸረፈዲን ናቸው። ዛሬም ድረስ ኮከብ ቆጥረው ለገበሬው የዘር ቀን የሚነግሩ፣ ሰውም ከሩቅ እየመጣ የሚጠይቃቸው ሊቅ ናቸውና ቃላቸው የታመነ ነው።» ምስክሩ የታመነ መሆኑን ማስረዳት የሙያው ወግ ነው። ሲጨርሱ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደዱት።

ሐሙስ ዕለት ሞላ ወረቀቱን ቆሞ ለአዳራሹ አነበበው። መሪጌታ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ የገዛ ቃላቸውን እንደ ቅኔ እያጣጣሙ ሰሙ። ስለ እሳቱና ስለ ሕልሙ ሲያነብ ሞላ ፈገግ አለ። «የደጋኑ ሸህ ሸረፈዲን» ከሚለው ሲደርስ ግን ቆመ። ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣና አሰመረበት። በሕይወት አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ያን ጊዜ እንኳ አልገባቸውም ነበርና፣ አዎን፣ ደኅና ናቸው አሉ።

ሞላ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት የነበሩትን አስማተኞች ትተን በእጃችን ያለውን እናጋልጥ አለ። ኮከብ እየቆጠረ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ መመሪያ ሳይሆን በሰማይ እንዲያርስ የሚሰብክ አድኃሪ ተገኝቷል። ቅዳሜ ገና ነው፤ ገናን ደጋን ወርደን በሕዝብ ፊት በማጋለጥ እናከብራለን፣ ጓድ መሪጌታም አብረውን ሄደው ይመሰክራሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። መሪጌታም አጨበጨቡ።

በዚያ ዓመት «በሕዝብ ፊት ተጋልጦ» ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው መሪጌታ አላዩም። ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ደግመው ተቀመጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእሳቸውን ወረቀት ደግሞ የያዘው ሞኝ አልነበረም።

ከዚህ ፍርሃት ሥር ሌላ ፍርሃት ነበር፤ እሱን ለወርቅነሽም አልነገሯት። ሸህ ሸረፈዲንን ኮከብ መቁጠር ያስተማሯቸው ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። የዛሬ ሃያ ዓመት ኮምቦልቻ ገበያ ተገናኝተው፣ ሸሆቹ፣ ሸህ ሸረፈዲንን በአክብሮት እንዲህ ነው የሚሏቸው፣ የዐረቡን ኪታብ ታሪክ ሲያጫውቷቸው፣ እሳቸው ደግሞ የፀሐይን ዓመትና የከዋክብቱን መግቢያ አስቆጥረዋቸዋል። የሸሆች ሁሉ ወግ ደግሞ ከትርጓሜ ቤት የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። ሸሁ ከእገሌ ሰማሁ፣ እገሌም ከእገሌ ሰማ ሳይሉ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ቅዳሜ ሞላ «ከማን ተማርክ?» ያላቸው እንደሆነ፣ ሸሆቹ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፍተው «ከመሪጌታ እንየው» ይላሉ። መሪጌታ ይህን ሲያስቡ፣ ሞላ ሳይደርስ ደጋን ለመውረድ ቆረጡ። ወዳጃቸውን ለማዳን ነው ወይስ ራሳቸውን ለማዳን የቸኮሉት?

ዓርብ ማለዳ ቀበሌ ሄዱ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከደሴ መውጣት አይቻልም። ማኅተሙን የምትይዘው ፀሐይነሽ፣ ፊደል የለየችው በእሳቸው እጅ ነው። ደጋን የታመመች እኅት አለችኝ አሏት። ፀሐይነሽ ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ደጋን የሚለውን ስም ሰምታለች። ቀና ብላ ሳታያቸው ማኅተሙን መታችና ወረቀቱን አቀበለቻቸው።

አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ በአውቶቡስ ወሬ ቀርቷል። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ አንድ ለጋ ወታደር ወረቀታቸውን ፊደል በፊደል እየቆጠረ አነበበ። መሪጌታ ላባቸው በጀርባቸው ሲወርድ ተሰማቸው። ወታደሩም ወረቀቱን መለሰላቸውና «እግዜር ይማርልዎ፣ አባባ» አለ። የደግ ሰው ልጅ ነበር።

ደጋን ሲደርሱ ሸህ ሸረፈዲን ከጁምዓ ተመልሰው አጥራቸው ጥግ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ኡሙሰልማ እንግዳውን ስታይ መርሐባ ብላ ፊቷ በራ። ለመሪጌታ ውሃ አቅርባ፣ ሰዉ ለበልጉ መሬቱን አለስልሶ «የመሪጌታን ቀን» እየጠበቀ መሆኑን አጫወተቻቸው። የዘሩን ቀን እንዲህ ነው የሚሉት። ሸሆቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀኑን ሲናገሩ፣ መሪጌታ እንየው ባስቆጠሩኝ እያሉ ነውና፣ አገሩ በሙሉ ስሙን ከቀኑ ጋር ለምዶታል። መሪጌታ ያቀረበችላቸው ውሃ አልወርድ አላቸው። የፈሩትን አንድ አፍ ሳይሆን የደጋን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ኡሙሰልማ ገባ ስትል ሁሉንም ተናገሩ። ወረቀቱን፣ ቀዩን መስመር፣ ቅዳሜን። ሲናገሩ አለቀሱ። ይጥፉ፣ ዛሬውኑ ወደ ቆላ ይውረዱ፣ አፈር ልሁን ብለው ለመኑ። ሸህ ሸረፈዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እኔ ብጠፋ ኡሙሰልማን ይይዟታል» አሉ በመጨረሻ። «ቀጥለው ደግሞ ማን ነገረው ይላሉ። ሐሙስ ስሜን ሰምቶ ዓርብ ደጋን የወረደ ማነው ብለው ይጠይቃሉ። እሱን አስበውታል፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ አላሰቡትም ነበር። ሸሆቹ ግን ከነገሩ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያስቡት ስለ መሪጌታ ነበር። መሪጌታ ይህን ሲረዱ አፈሩ፤ ቢያፍሩም የመጡበትን ሌላውን ልመና መተው አቃታቸው። ሊወጡ ሲነሡ፣ «ሸሆች፣ ነገ የጠየቀዎ እንደሆነ…» ብለው ጀመሩ።

«መኪናው እንዳያመልጥዎ» አሉ ሸህ ሸረፈዲን፤ ክንዳቸውን ይዘውም እስከ መንገዱ ሸኟቸው።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ቅዳሜ ደረሰ። መሪጌታ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው አደሩ፤ የሰብአ ሰገል ንባብ ሲነበብ ጆሯቸውን መድፈን አማራቸው። ቅዳሴ እንደወጣ፣ ጾማቸውን ሳይፈቱ፣ ሞላ በላንድሮቨር መጥቶ ከደጀ ሰላሙ ወሰዳቸው። ከኋላ ሁለት መሣሪያ የያዙ አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። ሞላ በመንገዱ ሁሉ እየሳቀ ያጫውታቸው ነበር፤ «እርስዎ» እያለ፣ በአክብሮት።

ኮምቦልቻ ኬላ ላይ የትናንቱ ወታደር ወደ መኪናው ጎንበስ አለ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ወታደሩ ግን አወቃቸውና ፊቱ በደስታ ፈካ።

«አባባ፣ የደጋኗ እኅትዎ ተሻላቸው?»

መሪጌታ ተሽሏታል ያሉ መሰላቸው፤ ድምፃቸው ይውጣ አይውጣ አያውቁም። ሞላ ቀስ ብሎ ዞረና እያያቸው ቆየ። አልተቆጣም። ላንድሮቨሩ ከኬላው ካለፈ በኋላ፣ «ደጋን እኅት እንዳለህ አልነገርከኝም» አለ። ከሐረጎ ቁልቁለት እስከዚህ ድረስ «እርስዎ» ሲል የመጣው ሰው «አንተ» ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ቢሰድባቸው ለመሪጌታ ይሻል ነበር።

ደጋን ላይ የገበሬ ማኅበሩ ግቢ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ሸህ ሸረፈዲን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳይጎትታቸው መጥተው መሐል ቆመዋል። ሞላ የመሪጌታን ወረቀት አውጥቶ ያችን ቀይ የተሰመረባትን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ፣ ኮከብ ቆጥረህ ለገበሬው ቀን ትሰጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን አሉ። በዚህ ገንዘብ ትቀበላለህ ወይ አላቸው። የለም አሉ። ታዲያ ማን ነው ይህን እንድታደርግ ያዘዘህ፣ ድርጅትህ ማን ነው፣ ጥበቡንስ ከማን ተማርክ?

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግዚአብሔርን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደለመኑም እስኪሞቱ ድረስ ያውቁታል።

«ከማንም» አሉ ሸህ ሸረፈዲን። «ከራሴ አወጣሁት።»

ግቢው ጉምጉም አለ። አንድ ሽማግሌ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ምንጩን ሳይጠራ ቃል የተናገረ ሸህ ቀጣፊ ነው፤ ይህን የደጋን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሸሆቹ ሃያ ዓመት የገነቡትን ስማቸውን በሁለት ቃል አፈረሱት። ሞላ ግን አላመነም። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይህ ሰው ከማን እንደተማረ የምታውቁ ተናገሩ አለ። አንድ ጊዜ ጠየቀ፣ ደገመ፣ የሚናገር ሰው ዝናቡ ቢጠይቀው እንጂ ሕግ አይጠይቀውም ብሎ ቀለደ። ሁለት መቶ ሰው መሬት መሬት አየ። ሁሉም ያውቃሉ፤ የሚዘሩበት ቀን ስሙ «የመሪጌታ ቀን» ነው። አንዳቸውም ግን መሪጌታን በዓይናቸው እንኳ እንዳያመለክቱ ፊታቸውን ከእሳቸው አዙረው ነበር። ዝም አይነቅዝም ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ሞላ ወደ መሪጌታ መጣ። በጣም ቀርቦ ቆመ።

«አንተስ? ትናንት የጠየቅሃት እኅትህ ይኸው አይደለም? ከማን እንደተማረ ታውቃለህ?»

መሪጌታ ሸሆቹን አዩ። እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። ሁለቱ መሣሪያ የያዙት ልጆች እግር ለእግር እየተቀያየሩ ቆመዋል፤ የአንደኛው ጫማ ማሰሪያ የለውም። መሪጌታ ያን ጫማ እያዩ፦

«የሰማሁት ከሱ ነው» አሉ። «እሱ ከማን እንደሰማ አላውቅም።»

ሃያ ዓመት «ሸሆች» ያሏቸውን ሰው «እሱ» አሉ። ሸህ ሸረፈዲን ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረደ፤ ትልቅ ሸክም እንዳራገፈ ሰው ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በለሆሳስ። ከልባቸው ነው ያሉት። መሪጌታን የገደላቸው ይህ ነው፤ ቢረግሟቸው ይችሉት ነበር።

ሸሆቹን ላንድሮቨሩ ላይ አወጧቸው። ቦታ ስለጠበበ ሞላ መሪጌታን የራስህን መንገድ ፈልግ ብሎ ትቷቸው ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ሰዉ ቆሞ አየ፤ ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። የሸሆቹ ጎረቤት ጀላል ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆምልዎታለሁ ብሎ መንገድ ዳር አስቀመጣቸው። ስድብ ጠበቁ። ጀላል ግን ቆሞ መኪና ብቻ ያይ ነበር።

ኡሙሰልማ ስትመጣ ከሩቅ አዩዋት። ተነሥተው መሸሽ ፈለጉ፤ ግን ተቀምጠው ጠበቋት። ዓይኗ ቀልቷል፣ በሁለት እጇ ቅል ይዛለች። አጠገባቸው ደርሳ ቆመች።

«ወተት ነው» አለች። «ሸሆቹ ጠዋት ሲወጡ፣ መሪጌታ ጾማቸውን ሳይፈቱ ነው የሚመጡት፣ ገና ነው፣ አስቀምጪላቸው ብለውኝ ነበር።»

መሪጌታ ቅሉን ተቀበሉ። ቅሉ ሙሉ ስለነበር ከሥር ደገፈችላቸው። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም ነበርና፣ አንድ ጊዜ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አልቻሉም። እያለቀሱ፣ እስከ ታች ድረስ ጠጡት። ጣፈጣቸው።